153ቱ ዓሦች እና የቁጥሮች ድምር

ልጆች! ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ምድር በሳበው መረብ ውስጥ 153 ታላላቅ ዓሦች እንደነበሩ በዮሐንስ ወንጌል 21፥11 ተጽፏል። በሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 17 ያሉት ቁጥሮች ድምር መሆኑን አስተውሏል። እውነት ነውን? አንድ በአንድ መደመሩ ያደክማል፤ ያሳስታልም።

ይልቅስ ከ1 እስከ 17 በአንድ መስመር ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ ከ17 እስከ 1 ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ጻፉ። አሁን የላይኛውን ከታችኛው ጋር ደምሩ። 1 እና 17፣ 18 ነው፤ 2 እና 16ም 18 ነው። የላይኛው በ1 ሲጨምር የታችኛው በ1 ስለሚቀንስ ድምሩ ምንጊዜም 18 ነው። 18 ሲባዛ በ17፣ 306 ይሆናል። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ስለጻፍን ለ2 እናካፍላለን፤ 153!

በ17 ፈንታ ሌላ ቁጥር ብትወስዱም ምክንያቱ ያው ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ከእርሱ ቀጥሎ ባለው አባዝታችሁ ለ2 አካፍሉ። እስከ 100 ያለውን ራሳችሁ ሞክሩት።