«ደክሞኛል፣ ዛሬ አልበርም»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ የሰርቪስ መኪና ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ይቆማል። ጥሩምባ አይነፋም። ጥበቃው መኪናውን ስለሚያውቀው በሩን ቀድሞ ይከፍትለታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መብራት ይበራና ወዲያው ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ሦስት ወርቃማ መስመር ያለው ወጣት ባለጎማ ቦርሳውን በእጁ አንጠልጥሎ ይወርዳል። አይጎትተውም፤ ጎማው ደረጃው ላይ ሲንኳኳ የጎረቤት ሕፃናት ይነቃሉ። መኪናው በለቡ በኩል የቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ቦሌ ይነጉዳል።

ይህ ልጅ ረዳት አብራሪ ነው። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ ስሙን ያነሳሉ፤ «እንደ እሱ ተማርና ፓይለት ሁን» ይላሉ። እኔ ግን እሱን ሳስብ ከመስመሩ ይልቅ የመኝታ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። ከውስጥ በኩል በወጥ ቤት ፎይል ተሸፍኗል። ቀን ሲተኛ ብርሃን እንዳይገባበት ነው።

እናቱ ጎፋ ገብርኤል አጠገብ ይኖራሉ። አንድ ቀን ቡና ላይ ሳለን ልጃቸው በረራ ላይ እንደሆነ ነገሩኝና ስልካቸውን ደጋግመው አዩ። መልእክት ሲመጣ «ገባ!» አሉ። «አረፈ ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እሱን ቃል እኔ ቤት አንልም፤ ገባ ነው የምንለው» አሉኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ። በቋንቋችን አውሮፕላንም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል። የአብራሪ እናት በዚህች አንዲት ቃል ላይ ሳይቀር ስትጠነቀቅ ትኖራለች።

በእኛ ክፍለ ከተማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አውሮፕላን እንግዳ ነገር አይደለም። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ያለ ሽቦ በአየር ከሚሄድ መልእክት ጋር የተያያዘ ነው። በብሥራተ ገብርኤል በኩል ያለውን ሰፈር ደግሞ ኤርፖርቱ ወደ ቦሌ ከሄደ ከ60 ዓመት በላይ ቢሆነውም ሰው «አሮጌው ኤርፖርት» ማለቱን አልተወም። አሮጌ የተባለው የልደታ ሜዳ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ የመንገደኞች በረራውን ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን፣ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47 ነው። መሪውን የያዙት ግን የእኛ ልጆች አልነበሩም። ሥራውን በውል የተረከበው ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበርና አብራሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ።

ኢትዮጵያዊ ማብረር ሳይችል ቀርቶ አልነበረም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ሆኖም በአየር መንገዱ ኢትዮጵያዊ በካፒቴንነት እስኪቀመጥ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 ያን ወንበር ሲይዝ ገና አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ለዚህ ነው ለእኛ አብራሪነት ከእንጀራነት ያለፈ ትርጉም የያዘው። አባቶቻችን የአብራሪውን ኮፍያ ሲያዩ «እኛም እንችላለን» የሚል ማስረጃ ነበር የሚያዩት፤ እኛም ያንን ወርሰናል።

ሙያው የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። በአሜሪካ አንድ ወጣት ከዜሮ ተነስቶ የንግድ አብራሪ ለመሆን ወደ 100,000 ዶላር ከኪሱ ወይም ከባንክ ብድር ማውጣት ይጠበቅበታል። የእኛ አየር መንገድ ግን የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱን ከከፈተ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወጣቶችን ራሱ እያሠለጠነ፣ በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ እያስፈረመ ይቀጥራል። የድሃ ልጅ ፈተናውንና የጤና ምርመራውን ካለፈ በሩ ክፍት ነው። አባቱ ቆርቆሮ ቤት እየኖሩ እሱ ከአገር አገር የሚበር ልጅ እንዲህ ነው የሚፈጠረው፤ በዚህች አገር እንዲህ ያለ መሰላል ያለው ሙያ በጣት የሚቆጠር ነው።

የባሕር ዳሯ ልጅ አምሳለ ጓሉ ሌላዋ ምሳሌ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተምራ ወደ አብራሪነት ተሻገረች። በረዳት አብራሪነት ለዓመታት ሠርታ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከአብራሪ እስከ መስተንግዶ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ ሄደ። እኔ የማውቃት አንዲት የመካኒሳ ተማሪ የዚያን በረራ ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጣ ደብተሯ ላይ ለጥፋ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሙያ ትርፍ ምን አለ?

ሙያው የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ በደመወዝ ወረቀት ላይ አይታይም። ቦሌ ሌሊት የማይተኛ ኤርፖርት ነው። ከአፍሪካ ከተሞች ማታ የሚገቡ መንገደኞች በእኩለ ሌሊት ግድም ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ በሚሄዱ አውሮፕላኖች ይከፋፈላሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ከዚያ የመጡት ወደ አፍሪካ ይበተናሉ። የአየር መንገዱ ትርፍ ያለው በዚህ አሠራር ውስጥ ነው። የሰው አካል ግን ለዚህ አልተሠራም። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃታችን ከሁሉም ሰዓት ዝቅ ይላል። በአሜሪካ ሕግ አንድ አብራሪ በ28 ቀን ከ100፣ በዓመት ከ1,000 የበረራ ሰዓት በላይ መብረር አይችልም፤ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ገደብ አላቸው። ይህ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከጀሞ ቦሌ የሚኬድበት፣ ከበረራ በፊት የአየር ጠባይና ነዳጅ የሚጠናበት፣ በሰው አገር ሆቴል ጣሪያ ላይ ዓይን ተተክሎ የሚታደርበት ሰዓት በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ቦይንግ 737-800 መውረድ በሚገባው ቦታ አልወረደም። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ከማማው ተደጋግሞ ቢጠራም መልስ አልነበረም። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ የጮኸው ድምፅ እንደሆነ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተዘገበ። አውሮፕላኑ ዞሮ በሰላም ወረደ። አየር መንገዱ ከተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ፣ ሠራተኞቹን ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ አገደ።

በዚያ ሰሞን በየካፌው ስንቱ ሳቀ! እኔን ሊያስቀኝ አልቻለም፤ ያ በፎይል የተሸፈነ መስኮት ፊቴ ድቅን አለ። አንድ ሰው ሲያንቀላፋ ድክመቱ የራሱ ሊሆን ይችላል። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ ያውም ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው ከተባለ ግን ጥያቄው ወደ ሥራ ሰሌዳው መሻገር አለበት። የትናንቱ ፈረቃ ስንት ሰዓት አለቀ? ያለፈውን ሳምንት ስንት ሌሊት ሳይተኙ አደሩ? ማገድ ቀላሉ መልስ ነው፤ ሰሌዳውን መመርመር ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሌላው ዋጋ ማኅበራዊ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚለካው በመገኘት ነው። ለቅሶ ላይ ድንኳን ስትተክል፣ ሠርግ ላይ ስታጎርስ፣ ታማሚ ስትጠይቅ ነው ሰው የምትባለው። ጎረቤቴ የብሎካችን እድር አባል ነው። ቀብር ባለመውጣት የተጣለበት ቅጣት በመዝገቡ ላይ ተደርድሯል፤ አንድም ጊዜ ሳያጉረመርም ይከፍላል። የእድሩ ዳኛ በአንድ ስብሰባ ላይ «ልጄ፣ ብሩን ትከፍላለህ፤ ፊትህን ግን መቼ ነው የምናየው?» ሲሉት አንገቱን ደፋ። ገና ሉሳካ፣ ፋሲካ ጓንዡ ላይ ያልፍበታል። ማኅበር ላይ ቢገኝ እንኳ በማግስቱ በረራ ካለው ጠላውን አይነካም፤ ባለቤቲቱም የተናቀች ይመስላታል።

ስለ ጤናው ደግሞ ማውራት አይወድም። አብራሪ በየጊዜው የሐኪም ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ዕድሜው 60 ካለፈ በየስድስት ወሩ ነው፤ 65 ሲሞላው ደግሞ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ መሪውን መያዝ ያበቃል። ከዚህ በተጨማሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲጠፋና እሳት ሲነሳ የሚያደርገውን ያሳያል። ወድቆ ቢገኝ ወደ ሥራው የሚመለሰው ድጋሚ ሠልጥኖና ተፈትኖ ነው። መሐንዲስ ወይም የባንክ ሠራተኛ የልብ ምቱ ቢዛባ ታክሞ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ አብራሪ ግን የልብ ምቱ የተዛባ ዕለት ሙያውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አብራሪ ሁልጊዜ ሁለት ፍርሃት ይዞ ይሄዳል።

የባሰው የአእምሮ ጤና ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ሕመሙን ከአሠሪዎቹ ደብቆ አውሮፕላኑን ከፈረንሳይ ተራሮች ጋር ሲያላትም 150 ሰዎች አለቁ። አውሮፓ ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ሥራቸውን ያጣሉ ብለው ሳይፈሩ ለሙያ ጓደኛቸው ችግራቸውን የሚናገሩበት ሥርዓት በየአየር መንገዱ እንዲኖር በሕግ አስገደደ። እኛ ዘንድ ጭንቀትን «ጠንከር በል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ጠንከር በል የተባለ ሰው ኮክፒት ውስጥም ዝም ይላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ 8,122 ሰዓት በርሯል። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ፣ የበረራ ሰዓቱም 361 ነበር። በሳምንቱ ሥላሴ ካቴድራል አስከሬን የሌለባቸው 17 የኢትዮጵያውያን ሣጥኖች ተሰልፈው ሳለ፣ በውጭ አገር የነበረው ወሬ ስለ ረዳቱ የበረራ ሰዓት ማነስ ነበር። «ልምድ የሌለው የአፍሪካ አብራሪ» ተባለ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ይህን ማስታወስ የፈለገ ግን ጥቂት ነበር።

ምርመራው ያሳየው ሌላ ነገር ነው። ከአፍንጫው ጎን ያለ አንድ የማዕዘን መለኪያ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው ፕሮግራምም በዚያ አንድ መለኪያ ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። ልጆቹ የኤሌክትሪክ ማብሪያውን አጠፉ፤ አፍንጫውን የሚያስተካክለውን መንኮራኩር በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት አልንቀሳቀስ አላቸው። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የሠራተኞቹ እርምጃ በመጨረሻው ሪፖርት በቂ ትንታኔ አላገኘም ብለው ተከራክረዋል፤ ይህም መነገር አለበት። እኔ ግን ፍርዴን እሰጣለሁ። መሐንዲሶች በቅጡ ያላስረዷቸውን ማሽን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ወጣቶች እንዲያርሙት ተጠብቆ ነበር፤ ከሞቱም በኋላ ስማቸውን እንዲያጸዱ የተገደዱት ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ሲሳካ ስሙ የድርጅቱ፣ ሲወድቅ ጥፋቱ የአብራሪው፤ የዚህ ሙያ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

አደጋው ከማሽን ብቻ አይመጣም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ካፒቴን ልዑል አባተ የጠላፊዎች ዛቻ አንገቱ ላይ ሆኖ፣ ነዳጁ ያለቀ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈ። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ነበር። ሦስተኛው እንደሚመጣ ሳያውቅ በየጠዋቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ ወደ ሥራ መሄዱን ሳስብ እደነቃለሁ።

ታዲያ ልምድ ያለው አብራሪ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄድ «ከዳ» የሚል ድምፅ መስማት ያመኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈል ደመወዝ ምን ያህል እንደሚስብ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚሄደው ሰው ሁልጊዜ ገንዘብ ብቻ ፈልጎ አይደለም፤ አንዳንዱ የሚፈልገው አስቀድሞ የሚያውቀው የእረፍት ቀን ነው። አየር መንገዱ በብዙ ወጪ ያሠለጠነውን ማጣቱ እውነተኛ ጉዳት ነው። ጉዳቱን የሚቀንሰው ግን ከግዴታ ውል ይበልጥ ሰው ሊኖርበት የሚችል ሰሌዳ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሰርቪሱ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ማለዳ ደረጃ ላይ ሳገኘው ታሞ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አይ፣ ጋሼ» አለኝ፤ «ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። ደውዬ ደክሞኛል፣ ዛሬ አልበርም አልኳቸው።» ድምፁ ጥፋት እንደሠራ ሰው ዝቅ ያለ ነበር።

ሰሌዳ የምታወጡ፣ ቁጥጥሩን የምትመሩ ሰዎች፣ ያቺን ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ «ጎበዝ፣ ተኛ» ብሎ እንዲመልስ አድርጉ፤ የደወለውም ሰው በኋላ በዕድገቱ አይቀጣ። የጀሞ፣ የለቡና የመካኒሳ ጎረቤቶች ደግሞ፣ ቀን ላይ መስኮቱ በፎይል የተሸፈነ ቤት ካያችሁ በሩን አታንኳኩ። ማታ መቶ ሃምሳ ሰው ይዞ የሚነሳው እሱ ነው።