የገንዘብ ውድቀትና የትዳር ፈተና በበርሊን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል የተነሣችው ጀርመን፣ የጦርነቱን ዕዳና የካሣውን ክፍያ መሸከም ተስኗት የወረቀት ገንዘብ ያለ ልክ ስላሳተመች፣ በኅዳር 1923 እ.ኤ.አ. የአንድ ዶላር ምንዛሬ 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ሠራተኛው ደመወዙን እንደ ተቀበለ፣ ዋጋው ሳይንር ዳቦ ለመግዛት ይሮጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው መዳሪያ ብለው በባንክ ያኖሩት ጥሪት እንደ ጉም መትነኑ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ እጮኝነት ሲፈርስ፣ በጨዋ ቤት ያደጉ ደናግልና ባሎቻቸውን በጦርነት ያጡ መበለታት ሳይቀሩ፣ ለዕለት ጉርስ ሲሉ በበርሊን አውራ ጎዳና ቆመው ገላቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። በእጁ ጥቂት ዶላር የያዘ መንገደኛ በችጋራቸው ይነግድ ነበርና፣ ኃጢአቱ ከተራበችው ሴት ይልቅ በገዢው ላይ ይጸናል።