ለጉባኤው የተሰቀለ ማይክ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። መሰላል ላይ ቆሜ ከጣሪያው ወራጅ ጋር ማይክ አስራለሁ። ከታች አንድ አዛውንት አስተናጋጅ ወንበር እየደረደሩ ቀና እያሉ ያዩኛል። ሦስተኛውን አስሬ ስወርድ ዝም ማለት አልቻሉም።

«ልጄ፣ ዘማሪዎቹ የሚቆሙት እዚያ ማዶ ነው። ይሄን እዚህ የምትሰቅለው ለማን ነው?»

«ለእናንተ ነው ጋሼ። ሕዝቡ ሲዘምር እንድቀዳው ነው።»

«እኛማ ተቀባይ ነን። እነሱን አሳምረህ ቅዳልን።»

የአምልኮ ፕሮግራሞችን በየአዳራሹ እየዞርኩ መቅዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ ሆሳዕናም ይህንኑ መልስ ሰምቻለሁ። ሕዝቡ ራሱን ከመዝሙሩ አይቆጥርም። እኔ ግን በቀጥታ በሚቀዳ አምልኮ የመጀመሪያው ዘማሪ ጉባኤው ነው ብዬ አምናለሁ። የዘማሪዋን ድምፅ፣ ቤዝ ጊታሩን፣ ኪቦርዱን ስቱዲዮ ውስጥ ከዚህ በተሻለ ጥራት መቅዳት ይቻላል። አንድ ሺህ ሰው ግን ስቱዲዮ አይገባም። ዕቃችንን በሃይሩፍ ጭነን ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የምንነዳው ለዚያ ሕዝብ ስንል ነው።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፕሮግራማቸውን የሚቀዱት ከአዳራሹ ሚክሰር አንድ ገመድ ስበው ነው። ውጤቱን በየስልካችን ሰምተነዋል። የዘማሪው ድምፅ ጆሮ ሥር ነው፣ ድራሙ ከሩቅ ይንኳኳል፣ ሕዝቡ የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተዘመረ ይመስላል። ጥፋቱ የሳውንድ ማኑ አይደለም። እሱ ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። ድራም ያለ ማይክም አዳራሹን ስለሚሞላ በስፒከር የሚጨምረው ትንሽ ነው። የሕዝቡን ድምፅ ደግሞ ለራሱ ለሕዝቡ በስፒከር አያሰማም። ስለዚህ ከሚክሰሩ የሚወጣው ለአዳራሹ የጎደለው ብቻ ነው፤ ሙሉው መዝሙር አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል።

እኛ እያንዳንዱን ማይክ መድረኩ ላይ ለሁለት እንከፍለዋለን። ስፕሊተር የሚባለው ሳጥን አንዱን ቅርንጫፍ ወደ አዳራሹ ሚክሰር፣ ሌላውን ወደ እኛ መቅጃ ይልካል። ሶዶ ላይ 32 መስመር ነበረን፤ 26ቱ ከመድረክ፣ 6ቱ ከሕዝቡ። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው፣ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ፣ በ24 ቢት ይመዘገባል። ሠላሳ ሁለቱ አንድ ላይ በሰዓት 16.6 ጊጋባይት ያህል ይይዛሉ። የሦስት ሰዓት አምልኮ 50 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ በሁለት የተለያየ ማሽን ነው የምቀዳው።

ሁለት ማድረግን የተማርኩት በከባድ ዋጋ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ኳየር ስምንት ወር የተለማመደበትን ምሽት ስቀዳ ወደ ላፕቶፑ የሚገባው ገመድ በሰው እግር ተመትቶ ላላ። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ የሚገባ ድምፅ ግን የለም። ያወቅሁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። በማግስቱ እነዚያ ወጣቶች ፊት ቆሜ የሆነውን ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ ምንም ሳትናገር መዝሙር የጻፈችበትን ደብተር ስታጥፍ አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ገመዶቼን በፕላስተር ወለሉ ላይ ሳልለጥፍ፣ ሁለተኛውን ማሽን ሳላስነሳ አንድም ነገር ቀድቼ አላውቅም።

የሕዝቡ ማይክ አሰቃቀል የሥራው ግማሽ ነው። የምጠቀምባቸው ማይኮች በጀርባቸው የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም የማይሰሙ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ጀርባቸው ወደ ስፒከሩ፣ ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ይሆናል። ከፍታቸው ወደ አራት ሜትር ነው። ዝቅ ካሉ ከሥራቸው የቆመው አንድ ሰው ብቻ ይሰማል፤ በጣም ከፍ ካሉ ደግሞ ጣሪያውን ትቀዳለህ። ቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እየበረደ ጠቅ ጠቅ ይላል። የቀትር ሳውንድ ቼክ ላይ ያልነበረ ድምፅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስድስቱም ማይክ ይገባል። ሶዶ ላይ አምስተኛውን ማይክ የምሰቅልበት ወራጅ አጣሁ። በግራ በኩል ካለው ምሰሶ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር በሚሆን ስታንድ ላይ አቆምኩት። አልወደድኩትም፤ ግን ሌላ ቦታ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከአዳራሹ ሳውንድ ማን ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። ስፒከሩ በጮኸ ቁጥር የሕዝቡ ማይክ የሚሰማው ስፒከሩን ነው። ከዚያም አልፎ ሕዝቡ ራሱ መዘመር ያቆማል፤ የራሱን ድምፅ መስማት ያልቻለ ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘምርም። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሜ ሄጄ አጠገቡ እቀመጥና «ወንድሜ፣ ዛሬ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይከፋዋል፤ የሶዶው ልጅ ግን ገና ሳልጨርስ ገባው።

የመቅጃውን መጠን ስናስተካክል ደግሞ ዘማሪ ለሳውንድ ቼክ በግማሽ ጉልበቱ እንደሚዘምር አንረሳም። ማታ መንፈሱ ሲነሳሳ የዚያችው ዘማሪ ድምፅ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዲሲቤል ይጨምራል። ከመቅጃው የመጠን ጣሪያ በታች ሰፊ ቦታ ካልተተወላት የምሽቱ ምርጥ ቅጽበት ተሰነጣጥቆ ይቀዳል፤ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። ለከበሮውም ሁለት ማይክ ነው የምሰጠው፤ ለሰፊው ፊት አንድ፣ ለጠባቡ አንድ። በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሰሙ የአንዱን የድምፅ ሞገድ ገልብጬ አዳምጣለሁ። ልክ ሲሆን የሰፊው ፊት ጉምታ ደረት ላይ ያርፋል፤ ካልሆነ ካርቶን የተመታ ይመስላል።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ።

ስፒከሩ፣ ኪቦርዱ፣ የመድረኩ መብራት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። የእኛ መቅጃ ዩፒኤስ ላይ ስለነበር አልጠፋም፤ ለሕዝቡ ማይኮች የሚሄደው 48 ቮልትም ከእኛ በኩል ነበር። ጨለማው ውስጥ የሕዝቡን ማይኮች የድምፅ መጠን የሚያሳዩት ስድስት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ይታዩኛል። መጀመሪያ ወደቁ፤ ወዲያው አንዱ ተነሳ። በግራ በኩል አንዲት ሴት አዝማቹን አንስታለች። ከዚያ ሁለተኛው ተነሳ፣ ሦስተኛው። ከበሮ መቺው ሁለት ጊዜ ካለፈው በኋላ ገባበት። ዘማሪዋ ማይኳን ወደ ጎን አውርዳ ከሕዝቡ ጋር መቀበል ጀመረች። ማታ ሳዳምጠው ነው ያስተዋልኩት፤ ድምፅዋ ከሩቅ፣ ከሺዎቹ እንደ አንዷ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ያህል ወሰደ። መብራቱ ሲመለስ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አድርጎ አልተጫነም። ሕዝቡ ያለ መሣሪያ ሲዘምር ከነበረበት ቃና ጥቂት ተንሸራቶ ነበር፤ ቢገባ ይጋጭ ነበር። የመዝሙሩ ቤት እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ሕዝቡ ትንፋሽ ሲወስድ ገባ። በዚያ ምሽት ከሰማሁት ሙዚቀኝነት ሁሉ ያ መታገስ ይበልጥብኛል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሚክሲንጉን የጀመርኩት ከእነዚያ አራት ደቂቃዎች ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ጊዜን ማስተካከል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከበሮው አጠገብ ያለው ማይክ ምቱን ወዲያው ይሰማል፤ ሃያ ሜትር ርቆ የተሰቀለው ግን ወደ 58 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሁለቱን እንዳሉ ብትደባልቃቸው እያንዳንዱ ምት ሁለቴ ይመታል፤ ጭብጨባው ይዝረከረካል። ለዚህ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት መድረኩ ላይ ቆሜ ሁለት እንጨት አጋጫለሁ፤ ያቺ ጠቅታ በየመስመሩ ላይ የደረሰችበት ቦታ ርቀቱን ይነግረኛል። የሕዝቡን መስመሮች በዚያው ልክ ወደፊት እስባለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አልስብም። እስከ መጨረሻው ካጠጋሁት አዳራሹ ይጠብና ሕዝቡ ሁሉ መድረኩ ላይ የወጣ ይመስላል። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሚሊሰከንድ እተውለታለሁ።

እልልታ ሌላ ፈተና ነው። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ በሆነበት ከፍታ ላይ ስለታም ሆኖ ይወጣል። ጎልቶ የወጣን ድምፅ የሚጫነው ሊሚተር ያለ ርኅራኄ ከተጫነበት አንዲት እናት እልል ባለች ቁጥር ከሥሯ የሺህ ሰው መዝሙር ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ በማሽን አልሠራውም፤ አንድ በአንድ እየፈለግሁ በእጄ ዝቅ አደርገዋለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው መዝሙሩን የሚሰማው ወጥ ቤት ውስጥ በስልክ ወይም ታክሲ ውስጥ በአሮጌ ስፒከር ስለሆነ የጨረስኩትን ሁሉ በእነዚያ እሞክረዋለሁ። በትልቁ ስፒከር የሚያምረው ቤዝ ስልክ ላይ ከነጭራሹ ሊጠፋ ይችላል።

የዘመሩትን ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ስለ መዘመር ከባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። በየአልበሙ «ላይቭ» ተብሎ ተጽፎ የዘማሪው ድምፅ በሙሉ በኋላ የተተካ ብዙ አለ። አንድ የተሰበረ ቃል መጠገን ይገባኛል። ሙሉውን መተካት ግን ሕዝቡ ለአንድ ድምፅ የመለሰውን መልስ ለሌላ ድምፅ መስጠት ነው። ቃናውን በሶፍትዌር ማቅናትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ድምፁን የሚስበው ወደ ኪቦርዱ አሥራ ሁለት ቁልፎች ነው። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚዘምር ሰው አንዳንዱን ድምፅ ሆን ብሎ ከቁልፎቹ መካከል ያሳርፋል። ማሽኑ ስህተት መስሎት ሲያቀናው ቅላፄው ይሞታል።

እኔ ያደግሁት በካሴት ነው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው 7 ዓመት ያህል ታስረዋል፤ መዝሙሮቻቸው ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ቤት ለቤት ዞሩ። እኛ ቤት የነበረው ካሴት ብዙ ጊዜ ከመገልበጡ የተነሳ ሽሽታው ከጊታሩ ይበልጥ ነበር። እናቴ ግን በዚያ ሽሽታ ላይ ትዘምር ነበር፤ እኔም ከእሷ ጋር። የሕዝቡን ድምፅ ስፈልግ ጆሮዬ የሚሄደው ወደዚያ ክፍል ነው።

ያ ምሰሶው ሥር ያቆምኩት አምስተኛ ማይክ ያልጠበቅሁትን ቀድቷል። መዝሙሩ አልቆ ሕዝቡ እየጸለየ ሳለ፣ አንዲት እናት ከሥሩ ቆመው ስለ ልጃቸው ይለምናሉ። ስሙን ይጠራሉ። ያለበትን ሁኔታ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚነገር አድርገው ይናገራሉ። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ይሄ እኮ የአልበሙ ልብ ነው» አለኝ።

«እሳቸው ማይክ መኖሩን አያውቁም» አልኩት።

«ስሙን ብቻ ብናወጣውስ?»

«ድምፃቸውን የሚያውቅ ጎረቤት አለ። ልጁም ይሰማዋል።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እንዳልክ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

አምስተኛውን መስመር ለ41 ሰከንድ ዘጋሁት። በቀኝ በኩል የተሰቀለውን ሦስተኛውን ቀስ ብዬ ከፍ አደረግሁ፤ እዚያ የሚሰማው ቃሉ የማይለይ የሺህ ሰው ጸሎት ነው። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ አሥር ጊዜ ያህል አዳመጥኩት። ከዚያ እነዚያን 41 ሰከንዶች ከመጀመሪያው ማሽን አጠፋሁ፣ ሁለተኛውንም አስነስቼ ከእሱ አጠፋሁ።