ጥቁር አፈር ላይ የሚቆም ጄኔሬተር

500 ኬቪኤ የሆነ የናፍጣ ጄኔሬተር 5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ለመሬት ይህ ትልቅ ሸክም አይደለም፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ሲኖትራኩ ግን አንዴ ከቆመ ዝም ይላል። በአዲስ አበባ፣ መካኒሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ከየሕንፃው ጓሮ የሚነሳው ጄኔሬተር ባለበት ቆሞ መሬቱን ይነቀንቃል፤ የመሠረቱ ንድፍ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ አብዛኛው ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር በደቂቃ 1500፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ 12.5 ኸርዝ የሆነ ዝግ ያለ ንዝረትም አብሮ ይወጣል።

በክረምት ሚኒባስ ጭቃ ሲይዘው ገፊዎቹ በአንድ ትንፋሽ አይገፉትም። ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ምታቸውን ከመኪናው ውዝዋዜ ጋር ሲያገጥሙ ትንሽ ጉልበት ብዙ ይሠራል። ማሽኑ፣ የኮንክሪት መሠረቱና ከሥር ያለው አፈርም እንዲሁ የራሳቸው የውዝዋዜ ልክ አላቸው፤ አፈሩ እንደ ሞላ ያገለግላል። የሞተሩ ምት ከዚህ ልክ ጋር ከገጠመ ንዝረቱ እየተደመረ ያድጋል፤ ቡሎን ይላላል፣ ቱቦ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲሶች የመሠረቱን ልክ ከሞተሩ ምት ቢያንስ 30 በመቶ ያርቁታል።

ይህ ልክ ግን ከአፈሩ ጋር ይለዋወጣል። መካኒሳና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ አዲስ አበባ መሬት በብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በየካቲት ተሰልቶ ልኩ 33 ኸርዝ የሆነ መሠረት ከ25 በበቂ የራቀ ይመስላል። የአፈሩ ጥንካሬ በነሐሴ በግማሽ ቢቀንስ ግን ልኩ ወደ 23 ይወርዳል፤ ሞተሩ አጠገብ ደረሰ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መሬት የአንድ ወቅት የአፈር ምርመራ ብቻ ይዞ መንደፍ ግማሽ ሥራ ነው።

ማሽኑ ሞላ ሳይኖረው በቀጥታ ኮንክሪት ላይ ከታሰረ፣ የተለመደው መነሻ የኮንክሪቱን ክብደት የማሽኑን ከ3 እስከ 5 እጥፍ ማድረግ ነው። 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት 15 ቶን ያህል ይሆናል። ከማሽኑ ጋር በካሬ ሜትር የሚያርፈው 2.5 ቶን ገደማ ነው። ጥቁር አፈር ደግሞ ሲያብጥ በካሬ ሜትር 10 ቶንና ከዚያ በላይ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ኮንክሪት በመጨመር ይህን ማሸነፍ አይቻልም፤ የሚያብጠውን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት የሚባለውን የማያብጥ ሙሌት በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ የጣሪያና የጓሮ ውኃም ወደዚያ እንዳይፈስ ማድረግ ነው መፍትሔው።

ሌላው መንገድ ማሽኑን ሞላ ላይ ማስቀመጥ ነው። በማሽኑ ክብደት 4 ሚሊ ሜትር የሚጫን ሞላ ልኩ ወደ 8 ኸርዝ ይጠጋል፤ በ25 ኸርዝ ከሚመጣው ንዝረት ወደ ወለል የሚያልፈው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ጄኔሬተር ሲጠፋ ለአፍታ የሚንገጫገጨው ፍጥነቱ ሲወርድ በዚህ ልክ ላይ ስለሚያልፍ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ሞላ ካለ ኮንክሪቱ ሊቀንስ ይችላል። የጭስ ማውጫውና የናፍጣ ቱቦው ግን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ካላገኙ ንዝረቱ በእነሱ በኩል ዞሮ ግድግዳው ላይ ይወጣል። መሠረቱም ከሕንፃው ወለል በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይለያል፤ ክፍተቱ በፎም ይሞላል እንጂ በሲሚንቶ አይደፈንም። ቀለም ቀቢው ለማሳመር ሲደፍነው ማየት ያልተለመደ አይደለም።

የሰው አካል በሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ንዝረት ይሰማዋል። በ25 ኸርዝ ይህ እንቅስቃሴ ከፀጉር ውፍረት ከሠላሳ አንድ እጅ አይበልጥም። ግድግዳ ሊሰነጠቅ የሚችለው ከዚህ ብዙ እጥፍ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት በስኒ ውስጥ ያለው ቡና ሲንቀጠቀጥ አይቶ ቢያማርር ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ንዝረቱ የሚለካው ጄኔሬተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ነው፤ አንዴ መሬቱ ሲደርቅ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ።