የደከመው ጄኔሬተሩ ነው ወይስ ጓደኝነታችሁ?

ስንት ሽርክና በማሽን ሳቢያ ፈረሰ መሰላችሁ! ገንዘብ ሲጎድል ተቆጥሮ ይታወቃል። ማሽን ሲደክም ግን ጥርጣሬው ቀድሞ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

የማውቃቸው ሁለት ወጣቶች በ2015 ዓ.ም. የዕቁብ ብራቸውን አዋጥተው አንድ አሮጌ ባለሞተር የብየዳ ጄኔሬተር ገዙ። ሐሳባቸው መብራት ባልገባበት የከተማ ዳርቻ በርና መስኮት እየበየዱ ራሳቸውን መቻል ነበር። ማሽኑን መርጦ ዋጋ የተከራከረው አንደኛው ነው። ጥቂት ወራት እንደሠሩ ግን እሳቱ ደከመ። ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ፣ ብየዳው በመዶሻ ሲነካ እየተላቀቀ አስቸገረ። ይሄኔ ሌላኛው «ከደላላው ጋር ተመሳጥሮ ሸወደኝ!» ይል ጀመር። ሰላምታም ቀረ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ጋራዥ ደጃፍ ያደገ ሰው ጆሮው ይማራል። ምክሬም ይኸው ነው፤ ሰውን ከመክሰሳችሁ በፊት ማሽኑን መርምሩት።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ኤሌክትሮዱን ስትለኩሱ ሞተሩ ካቃሰተና ፍጥነቱ ከወረደ ችግሩ እሱው ጋ ነው። የአየርና የነዳጅ ፊልትሮው፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ይታይ። በሙሉ ፍጥነት እየዞረ፣ ጭነት እንዳልመጣበት ዝም ካለ ግን ኃይሉ እየወጣ አይደለም ማለት ነው፤ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ራሱ የሚቀንስ ማሽን ከሆነ ደግሞ ስትለኩሱ መነሣቱን አረጋግጡ።

አንድ ነገር አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አምፔር ሙሉ በሙሉ ላይመጣ ይችላል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ ገመዱ። ጥቂት ከበየዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉና መጋጠሚያዎቹን በጥንቃቄ ዳስሱ። የሚፋጅ ካለ ኃይሉ የሚባክነው እዚያ ነው። ማሳው ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተቆነጠጠ አዲስ ማሽንም ይደክማል።

ሦስተኛው ካርቦን ብሩሽ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ኃይሉን በእሱ ነው የሚያስተላልፉት። ሲያልቅ፣ ሲቀረቀር ወይም ሞላው ሲላላ ከሚሽከረከረው መዳብ ጋር በደንብ አይነካካም። መዳቡ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ከጠቆረ ባለሙያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዳው። ጥቁሩ የብረት ወረቀት ግን አይነካውም፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

በእነዚያ ልጆች ማሽን ላይ መካኒኩ ያገኘው ይህንኑ ነበር። ብሩሹ በአቧራ ተቀርቅሯል፣ የማሳው መቆንጠጫም ዝጓል። ማጭበርበር የለ፣ ሽወዳ የለ! ማሽኑ ተጸድቶ ሥራ ጀመረ። የተባለውን ክፉ ቃል ማጽዳት ግን ከብሩሹ የበለጠ ጊዜ ፈጀ።

ወራት ቆሞ የሰነበተ ማሽን ደግሞ ሞተሩ እየዞረ ጭራሽ ኃይል ላይሰጥ ይችላል። ውስጡ የምትቀረው ትንሽ መግነጢስ ጠፍታ ሊሆን ይችላል። በባትሪ ትመለሳለች፤ ነገር ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ተዉለት። ማሽኑ ሳይበይድ እንኳ 80 ቮልት ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ በእርጥብ እጅ ቀልድ የለም! ዝግ ቤት ውስጥም አታስነሡት፤ ጭሱ ይገድላል።

አሮጌ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ሸሪኮች፣ ሁላችሁም አብራችሁ ሂዱ። መካኒክ ያዙ፤ ሳትከፍሉ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በይዱበት። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ጥገናውንም ማን እንደሚችል በወረቀት አስፍሩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ብሩሽ በገንዘብ ይገዛል፣ ጓደኛ ግን መለዋወጫ የለውም።