የጽጌረዳ ቅጠል ለምን ይረግፋል?

በሐዋሳ፣ በታቦር ተራራ ዙሪያ፣ ብዙ ሰው በደጁ ጽጌረዳ ይተክላል። ክረምት ሲገባ ግን ቅጠሏ ይታመማል። አንዳንዱ «የሰው ዓይን በላት» ይላል። ሌላው የተባይ መርዝ ገዝቶ ይረጫል። ሁለቱም አይረዳም። በሽታው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ደግሞ ተባይ አይደለም፤ በተባይ መርዝ አይሞትም። ገንዘባችን ይባክናል። በግቢው የሚጫወተው ልጃችንም ሊመረዝ ይችላል።

በሽታውን እንዴት እንለየው?

ቅጠሉን ላዩንም ሥሩንም እንየው።

1. ጥቁር ነጠብጣብ፦ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል። ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል።

2. ነጭ ሻጋታ፦ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለጋው ቅጠል ይጨማደዳል።

3. ዋግ፦ ከቅጠሉ ሥር ብርቱካን የሚመስል ዱቄት ይታያል።

የጽጌረዳ ዋግ ወደ ቡናችን አይሻገርም። ቡና የራሱ ዋግ አለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1869 የቡና ዋግ በስሪ ላንካ ታየ። ከዚያ በኋላ የአገሩ የቡና እርሻ ጠፋ፤ በቦታው ሻይ ተተከለ። እንግዲህ በቅጠል ላይ ያለ ነጠብጣብ አይናቅም። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ካለቀ ይራባል።

ምን እናድርግ?

ጥቁሩ ነጠብጣብ እንዲይዝ ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ስለዚህ ውሃ የምናጠጣው ጠዋት ይሁን። ውሃውን ከግንዱ ሥር እናፍስስ፤ ቅጠሉን አናርጥበው።

የረገፈውን ቅጠል ለቅመን እናቃጥል። ከተክሉ ሥር ከቀረ በሽታው ይመለሳል።

የታመመውን ቅርንጫፍ እንቁረጥ። መሃሉን እናሳሳው፤ ነፋስና ፀሐይ ይግባበት። አዲስ ስንተክልም አራርቀን እንትከል።

ነጠብጣብ የያዘው ቅጠል ተመልሶ አይድንም። የምናድነው አዲሱን ቅጠል ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፣ የታመመ ቅጠል ይዘን የግብርና ባለሙያ እናማክር። ለሻጋታ የሚሆን መድኃኒት አለ። ከመግዛታችን በፊት ግን በዕቃው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ለምን ይሠራል? መጠኑ ስንት ነው? ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ያንብብልን። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። ሳያነቡ መርዝ መርጨት ይቅር።

ጥያቄ

1. የተባይ መርዝ ለምን ሻጋታን አይገድልም?
2. ጽጌረዳን መቼ እናጠጣለን? ውሃውንስ የት እናፈስሳለን?
3. በግቢያችሁ ካለው ተክል ቅጠል ቁረጡና ሥሩን እዩ። ምን አገኛችሁ? ጻፉት።