ራዚያና ሸጀረት አድ-ዱር፤ ሁለት ሴት ሱልጣኖችና ተቃዋሚዎቻቸው

በመካከለኛው ዘመን በእስላም መንግሥታት በራሳቸው ስም የነገሡ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። እነዚህም ከዙፋን የወረዱት ሴት በመሆናቸው ብቻ ነው ሲባል ይሰማል። አባባሉ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የዴልሂዋን ራዚያንና የግብፅዋን ሸጀረት አድ-ዱርን እንመለከታለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የራዚያ አባት ሱልጣን ኢልቱትሚሽ ወንዶች ልጆች እያሉት እርስዋን ወራሽ እንዳደረገ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጁዝጃኒ ያስረዳል። ይሁን እንጂ በ1236 እርሱ ሲሞት መኳንንቱ ወንድሟን ፊሩዝን አነገሡ። የፊሩዝ አገዛዝ ግን ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ ራዚያም በዴልሂ ሕዝብ ድጋፍ ዙፋኑን ያዘች። ከጊዜ በኋላም ከመጋረጃ ወጥታ፥ የወንድ ልብስ ለብሳ፥ በዝሆን ተቀምጣ ለሕዝብ ታየች።

ተቃውሞውን ያባባሰው ግን የሹመት ነገር ነበር። ራዚያ ጀማል አድ-ዲን ያቁት የተባለውን ሐበሻ በእኛ አገር ባልደራስ በምንለው ማዕርግ ሾመችው። ከፍተኛውን ሥልጣን ለራሳቸው ወገን ብቻ የሚሹት የቱርክ ተወላጆች አሚሮች በዚህ ተቈጡ። በ1240 የባቲንዳው ገዥ አልቱኒያ ዐመፀ፤ ያቁት ተገደለ፤ ራዚያም ታሰረች። ኋላ አልቱኒያን አግብታ ወደ ዴልሂ ብትዘምትም፥ በወንድሟ በባህራም ጦር ድል ሆና በዚያው ዓመት ሞተች።

የሸጀረት አድ-ዱር ባል ሱልጣን አስ-ሳሊህ አዩብ በ1249 የሞተው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ግብፅን በወረረ ጊዜ ነው። እርስዋም ጦሩ እንዳይፈታ ሞቱን ሰውራ መንግሥቱን ጠበቀች። በ1250 የማምሉክ ወታደሮች የእንጀራ ልጇን ቱራንሻህን ገድለው እርስዋን አነገሡ። ሉዊ ካሳ ከፍሎ ከምርኮ የወጣው በእርስዋ ዘመን ነው። በስሟ ገንዘብ ተመታ፤ በዓርብ ጸሎትም ተጠራች። ነገር ግን የምትጠራው በሞተው ሕፃን ልጇ በኸሊል እናትነት ነበር። የባግዳዱ ኸሊፋ አል-ሙስተዕሲም ሹመቷን አላጸደቀም፤ የሶርያ አዩባውያን መሳፍንትም አንገዛም አሉ። ስለዚህ ሦስት ወር ሳይሞላት ዙፋኑን ለአሚሩ አይበክ ለቅቃ አገባችው። በ1257 አይበክን አስገደለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እርስዋ ተገደለች።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ፊሩዝም፥ ቱራንሻህም፥ ባህራምም ወንዶች ሳሉ በገዛ አሚሮቻቸው እጅ ወድቀዋል። ስለዚህ የጠቡ ሥር ሴትነት ብቻ አልነበረም፤ ማን ይሾም፥ ማን ይሻር የሚለው ክርክር ነበር። ሆኖም ሴትነት ሰበብ ብቻ ነበር ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። ወንዱ ሲወድቅ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ይቈጠራል እንጂ ወንድ መሆኑ አይወቀስም። ጁዝጃኒ ግን የራዚያን ጥበብ፥ ፍትሕና ጀግንነት ዘርዝሮ ካመሰገነ በኋላ፥ ወንድ ሆና ካልተፈጠረች ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማታል ሲል ይጠይቃል። የሴት ሱልጣኖችን ፈተና ከወንዶቹ የለየው ይህ ጥያቄ ይመስለናል።